ከስሙ በፊት ሸራውን፦ ስለ ዘመናዊ ሥዕል ለጠየቃችሁን

በዚህ እትም ዓምዱን ለዘመናዊ ሥዕል ሰጥተነዋል። የሚመሳሰሉ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኢምፕሬሽኒዝም፣ ፎቪዝም፣ ኩቢዝም፣ ሱሪያሊዝም እያልኩ ስሞቹን ሸምድጃቸዋለሁ። ሥዕሉ ፊት ስቆም ግን የትኛው የቱ እንደሆነ ይጠፋኛል። ከየት ልጀምር? ዘመናዊ ሥዕል የሚባለውስ ከመቼ ወዲህ ያለው ነው?

መልስ፦ ስሞቹን ለጊዜው ይተዋቸው። አብዛኞቹን ሠዓሊዎቹ አላወጧቸውም፤ ሊሰድቧቸው የፈለጉ ሐያስያን ናቸው ያወጧቸው። በ1874 ሞኔ፣ ሬኗር፣ ፒሳሮ፣ ደጋና ጓደኞቻቸው ፓሪስ ውስጥ በራሳቸው ወጪ ዐውደ ርእይ ከፈቱ። ሉዊ ለርዋ የተባለ ጋዜጠኛ «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጫ» የሚለውን የሞኔን ሥዕል ርእስ ይዞ «ኢምፕሬሽኒስቶች» ሲል አላገጠባቸው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ሐያሲው ሉዊ ቮክሴል ደግሞ በ1905 የማቲስንና የጓደኞቹን ሥራዎች ሲያይ «አውሬዎች» (በፈረንሳይኛ «ፎቭ») አለ፤ ፎቪዝም ከዚያ መጣ። ይኸው ሰው በ1908 ሠዓሊው ብራክ ሁሉን ነገር ወደ ኩብ ይለውጣል ብሎ ጻፈ፤ ኩቢዝም ደግሞ ከዚህ መጣ። ስለዚህ ስሙ የሚነግረን ሐያሲው በምን እንደደነገጠ ነው። ሠዓሊው ከምን ጋር ሲታገል እንደነበረ የሚነግረን ሸራው ነው።

ሥዕል ፊት ሲቆሙ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ቀለሙ የነገሩን ቀለም ይከተላል? ሥዕሉ ወደ ውስጥ ይጠልቃል ወይስ ለጥ ያለ ነው? የብሩሹ ምት ይታያል ወይስ ተደብቋል? ቀለሙ የብርሃኑን መለዋወጥ የሚከተል፣ ምቱም አጭርና ግልጽ ከሆነ ወደ ኢምፕሬሽኒዝም ያደላል። ዛፉ ዛፍ መሆኑ እየታወቀ ቀይ ከሆነ ፎቪዝምን ወይም ኤክስፕረሽኒዝምን ይጠርጥሩ። ቀለሙ ወደ ቡናማና ግራጫ ወርዶ ነገሩ ከተሰባበረ ኩቢዝም ነው። የብሩሽ ምልክት ከሌለ፣ ጥልቀቱ እንደ ፎቶግራፍ ከሆነ፣ የሚታየው ነገር ግን ሊሆን የማይችል ከሆነ ሱሪያሊዝም ነው። ይህ መለኪያ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ለመጀመሪያ ጉብኝት ግን ይበቃል።

ልደቱን ብዙዎች ከ1874 ይቆጥራሉ። ከ1863 የሚጀምሩም አሉ፤ በዚያ ዓመት የማኔ (ከሞኔ ሌላ ሰው ነው) «ምሳ በሣር ላይ» ይፋዊው ዐውደ ርእይ የጣላቸው ሥራዎች በታዩበት አዳራሽ ቀርቦ ፓሪስን አስቆጥቷል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እንደ ባቡር ፉርጎ አንዱ ሲያልፍ ሌላው የሚተካ አድርገው አይሳሉት። የሱሪያሊስቶች ማኒፌስቶ በ1924 ሲታተም ሞኔ በሕይወት ነበር፤ የሞተው በ1926 ነው። ሠዓሊው ማሌቪች በ1915 «ጥቁር ካሬ»ን ሲያሳይ ሞኔ የውኃ አበቦቹን እየሣለ ነበር።

ጥያቄ፦ እንደ ኢምፕሬሽኒስቶቹ በዘይት ቀለም ደጅ ወጥቼ እሥላለሁ። ጠዋት ደህና የጀመረው ሸራ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ይመስላል። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ የመልሱ ግማሽ «ጠዋት» እና «ከሰዓት በኋላ» በሚሉት ቃላትዎ ውስጥ አለ። ፀሐይ በሰማይ ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጥላው ቦታውንም ቀለሙንም ይቀይራል፤ እርስዎ ደግሞ በጠዋቱ ብርሃን ላይ የከሰዓቱን እየደረቡ ነው። ሞኔ ብርሃኑ ሲለወጥ ሸራውን ይለውጥ ነበር። የሩዋንን ካቴድራል ከ1892 እስከ 1894 ከ30 በላይ በሆኑ ሸራዎች ላይ ሥሎታል፤ አንዱ የማለዳ፣ አንዱ የቀትር፣ አንዱ የጭጋግ። እርስዎም ከ30 በ40 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሸራ ይያዙና 40 ደቂቃ ሲሞላ ያቁሙ። ካልጨረሱ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ይመለሱ።

ሌላው ግማሽ ፓሌቱ (ቀለም የሚቀላቀልበት ሰሌዳ) ላይ ነው። እያንዳንዱ የቀለም ዱቄት ከብርሃኑ የተወሰነውን ይውጣል። ሦስት አራት ዓይነት ሲቀላቀል ሳይዋጥ የሚተርፈው ብርሃን ጥቂት ነው፤ ጭቃ የሚባለው ይኸው ነው። በአንድ ምት ውስጥ ከነጭ ሌላ ሁለት ቀለም ብቻ ይግባ። ለመጀመሪያ ነጭ፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ አንድ ሞቅ ያለና አንድ ቀዝቀዝ ያለ ቀይ፣ አልትራማሪን ሰማያዊና ቪሪዲያን አረንጓዴ ይበቃሉ። ጥቁሩን ቤት ይተዉት፤ ጥላው ውስጥ ሰማያዊና ሐምራዊ እንዲፈልጉ ያስገድድዎታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሸራው ነጭ ወይም ነጣ ያለ ቅብ ይኑረው። መጀመሪያ የጥላውን ቦታዎች ሣሣ ባለ ቀለም ይያዙ፤ ከዚያ ብርሃን ያረፈባቸውን ወፈር አድርገው ያስቀምጡ። ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ ብሩሾች ይኑርዎት፤ አንዱ ለሞቃት፣ አንዱ ለቀዝቃዛ ቀለም። ከየምቱ በኋላ ብሩሹን በጨርቅ ይጥረጉ። ዋናው ሕግ ያስቀመጡትን ምት ተመልሶ አለመነካካት ነው። እርጥብ ቀለም ላይ ሁለቴ ሦስቴ ከተመላለሱበት የታችኛው ተነሥቶ ከላይኛው ጋር ይቦካል። ከቦካ ደግሞ ሌላ ቀለም ጨምሮ ማዳን አይቻልም፤ በቀለም ቢላ ፍቀው አንሥተው እንደገና ያስቀምጡ።

ይህ አሣሣል ያለ ዕቃው አይታሰብም ነበር። ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1841 የቆርቆሮ ቱቦ እስኪያስመዘግብ ድረስ የተዘጋጀ ቀለም የሚያዘው በአሳማ ፊኛ ነበር፤ አንዴ ከተበሳ ቶሎ ይደርቃል። በዚያ ላይ የብሩሹን ፀጉር የሚጨብጠው የብረት ማሰሪያ ጠፍጣፋ ብሩሽን አመጣ፤ ያ ካሬ ምት የዚህ ውጤት ነው። ሁሉን ነገር ደጅ ሆነው ጨረሱት የሚባለውን ግን አይመኑ። ሞኔ የካቴድራሎቹን ሸራዎች የጨረሳቸው ዢቨርኒ ባለው ስቱዲዮው ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ በነጥብ እንደሚሥለው እንደ ሠዓሊው ሴራ ብርቱካናማና ሰማያዊ ነጥቦችን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ሲርቁት ያበራል ተብዬ ነበር፤ ግራጫ ሆነ።

መልስ፦ ትክክል ሆነው ነው ግራጫ የወጣው። ጥቃቅን ነጥቦች ዓይን ውስጥ ሲዋሃዱ የሚሰጡት የሁለቱን አማካይ ነው፤ ተቃራኒ ቀለሞች ደግሞ አማካያቸው ግራጫ ነው። የሚያበራው ውህደቱ ሳይሆን ለመዋሃድ ትንሽ ሲቀረው ያለው መንቀጥቀጥ ነው። እዚህ ላይ የነጥቡ መጠን ይወስናል። ጤነኛ ዓይን 1 ሚሊ ሜትር ነጥብን ለይቶ ማየት የሚያቆመው ወደ 3 ሜትር ተኩል ሲርቅ ነው። የ3 ሚሊ ሜትር ነጥብ ከሆነ 10 ሜትር ያህል መራቅ ይጠይቃል። ሰው ሥዕልዎን በ2 ሜትር ርቀት የሚያየው ከሆነ ነጥቡን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያድርጉት፤ ከዚያ አያሳንሱት። በአንድ ቦታ ላይ ከ10 ነጥቦች 7 ወይም 8ቱ ከዚያ ነገር ቀለምና ከጎረቤቶቹ ይሁኑ። ተቃራኒውን ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ብቻ ይበትኑ።

ሴራ ራሱም ከአደጋ አላመለጠም። ከ1884 እስከ 1886 የሠራውና አሁን ቺካጎ የሚገኘው «እሑድ ከሰዓት በግራንድ ዣት ደሴት» ሁለት ሜትር ከፍታና ሦስት ሜትር ወርድ አለው። በመጨረሻ የጨመረበት የዚንክ ቢጫ ብዙ ሳይቆይ ወደ ቡናማ ዞረ። ሣሩ ላይ ዛሬ የሚታዩት የደበዘዙ ነጥቦች ያኔ ፀሐይ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ፎቪዝምና ኤክስፕረሽኒዝም ሁለቱም እንዳሻቸው ቀለም ይቀባሉ። ልዩነታቸው የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ዓመታቸው እንኳን አንድ ነው፤ 1905። ማቲስና ደራን በጋውን በደቡብ ፈረንሳይ በኮሊዩር ሠርተው በመጸው ፓሪስ ላይ አሳዩ። ድሬስደን ውስጥ ደግሞ ኪርሽነርን ጨምሮ አራት የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች በሰኔ ወር «ድልድዩ» የሚል ቡድን መሠረቱ። ማቲስ በሚስቱ ፊት መሐል አረንጓዴ መስመር ያሰመረው አረንጓዴ ስሜት ስለተሰማው አይደለም። መስመሩ ብርሃን ያለበትን የፊቷን ወገን ከጥላው ይለያል፤ የተለመደውን ቡናማ ጥላ ሥራ በቀዝቃዛ ቀለም ይሠራል። እነ ኪርሽነር ዘንድ ቀለሙ ጭንቀትን ይሸከማል፤ መስመሩም ከእንጨት ቅርጽ ኅትመት የተማሩት ስለሆነ ሹልና ስብርባሪ ነው። አንድ ጠቃሚ ምልክት ልስጥዎ፤ በ1905 አካባቢ በተሠሩ የፎቪስት ሥዕሎች በምቶቹ መካከል ያልተቀባ ነጭ ሸራ ብዙ ጊዜ ይታያል። ሥዕሉ በዚያ ይተነፍሳል።

ጥያቄ፦ ኩቢዝምን ለመሞከር ጠርሙስና ብርጭቆ ሥዬ በላዩ ላይ ማዕዘን ማዕዘን መስመሮች አሰመርኩበት። የተሰበረ መስታወት መሰለ እንጂ ኩቢዝም አልሆነም። ለምን?

መልስ፦ መጀመሪያ ተራ ሥዕል ሠርተው በኋላ ስለሰበሩት ነው። የኩቢስቶቹ ጥያቄ አንድን ነገር ዙሪያውን ዞሬ ያወቅሁትን ሁሉ እንዴት በአንድ ለጥ ያለ ገጽ ላይ ላስቀምጥ የሚል ነበር። የብርጭቆ አፍ ከላይ ሲያዩት ክብ ነው፤ ከጎን ሲያዩት መስመር ነው። ሁለቱም እውነት ናቸውና ሁለቱም ይገባሉ።

ሥሩ ሠዓሊው ሴዛን ነው። በ1904 ለሠዓሊው ኤሚል ቤርናር በጻፈው ደብዳቤ ተፈጥሮን በሲሊንደር፣ በሉልና በሾጣጣ እንዲያይ መክሮት ነበር። በ1906 ሞተ፤ በ1907 ፓሪስ ውስጥ የተዘጋጀው ትልቅ የመታሰቢያ ዐውደ ርእይ ወጣት ሠዓሊዎችን አነቃ። ፒካሶ «የአቪኞን ወይዛዝርት»ን የሠራው በዚያው ዓመት ነው። የሴዛንን ምክር ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ ብራክና ፒካሶ የወሰዱት ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ሴዛን የአንድን ገጽ ጠርዝ በአንድ ወገን ክፍት ይተወዋል፤ ቀለሙም ሳይቋረጥ ወደ ጎረቤቱ ገጽ ይፈስሳል። ከፊት ያለውና ከኋላ ያለው በዚያ በር ይገናኛሉ። በእርስዎ ሥዕል ላይ መስመሮቹ ሁሉ ዝግ ናቸው፤ የመስታወት ስብርባሪ የመሰለው በዚህ ነው።

እንደገና ይሞክሩት። ጠርሙሱን፣ ብርጭቆውንና አንድ ሣጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሦስት ጊዜ በተመሳሳይ መጠን በእርሳስ ይሣሉ፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ቆመው ከላይ። ሦስቱን ወረቀቶች መስኮት ላይ ደራርበው መስመሮቹ የሚገጥሙበትን ቦታ ይፈልጉ፤ የጠርሙሱ ትከሻ ከሣጥኑ ጠርዝ ጋር ሊገጥም ይችላል። ወደ ሸራው የሚያሻግሩት እነዚያን መገጣጠሚያዎች ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ በአንዱ ጠርዝ አጥቁረው ወደ ሌላው ጠርዝ እያፈዘዙ ይሙሉ፤ ቢያንስ አንዱ ጠርዝ ክፍት ይሁን። ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ እንዲመጣ አያድርጉ። ቀለሙ ቡናማ፣ ግራጫና ትንሽ አረንጓዴ ብቻ ይሁን፤ ደማቅ ቀይ አንድ ቦታ ካስገቡ ዓይን እዚያው ይቸከልና ገጾቹን ማንበብ ያቆማል። ከ1910 እስከ 1912 የተሠሩት ሥዕሎች የደበዘዙት በዚህ ምክንያት ነው። በመጨረሻም ሁለት ሦስት መያዣ ይተዉለት፤ የጠርሙስ አንገት፣ የብርጭቆ አፍ፣ ፊደል። ብራክ በ1911 በ«ፖርቱጋላዊው» ላይ በስቴንስል (ቅርጹ በተቆረጠ ማተሚያ) ፊደላት ያተመው ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ ከእጁ እንዳያመልጥ ጭምር ነው።

በ1912 ነገሩ ተገለበጠ፤ መበተን ቀርቶ መለጠፍ መጣ። ፒካሶ በፀደይ የወንበር ገመድ ሽመና የታተመበት የዘይት ጨርቅ ሸራው ላይ ለጠፈ፤ ዙሪያውን በገመድ ከበበው። ብራክ በመስከረም የእንጨት ቀለም የታተመበት የግድግዳ ወረቀት ቆርጦ ለጠፈ። የቤት ቀቢ ልጅ ስለነበር የእንጨት ሐረግ ማስመሰል የእጁ ሙያ ነው። ኮላዥ (እንዲህ እየለጠፉ የሚሠራ ሥዕል) ከሠሩ ጋዜጣ ላይ ይጠንቀቁ። ከእንጨት ብስባሽ የተሠራ ርካሽ ወረቀት ሊግኒን አለው፤ ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። ሙዚየም ውስጥ ቡናማ ሆኖ የሚያዩት የኩቢስት ጋዜጣ ሲለጠፍ ነጣ ያለ ነበር።

ጥያቄ፦ የማሌቪችን «ጥቁር ካሬ» ልጄም ይሠራዋል። ምኑ ነው ጥበቡ?

መልስ፦ መቀባቱን ልጅዎ ይችላል። ማሌቪች በታኅሣሥ 1915 በፔትሮግራድ ሲያሳየው ከግድግዳው መሐል አልሰቀለውም፤ ከጣሪያው ሥር ሁለት ግድግዳ በሚገናኙበት ጥግ ላይ አስቀመጠው። በሩሲያ ቤቶች ያ ጥግ የቅዱሳን ሥዕል ቦታ ነው። ምንም ነገር የማይወክል ሥዕል በዚያ ቦታ ቢቀመጥ ምን ይሆናል የሚለው ነው ጥያቄው። ሥዕሉ 80 ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም።

ለሚሥሉ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ጥቁሩ ዛሬ በሙሉ ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ የታች ቀለሞች ብቅ ይላሉ። በኤክስሬይ ሲታይ ከሥሩ ሌሎች ሥዕሎች ተገኝተዋል። ገና በደንብ ያልደረቀ ንብብር ላይ ሲቀባ የታችኛው እየተንቀሳቀሰ የላይኛውን ይቀደዋል። አሮጌ ሸራ ላይ እሥላለሁ ካሉ ወፍራም የዘይት ቀለም ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይድረቅ፤ ከላይ የሚመጣው ንብብር ከታቹ የበለጠ ዘይት ይኑረው።

ጥያቄ፦ ሱሪያሊዝም ማለት ሕልምን መሣል ነው?

መልስ፦ ግማሹ። ዳሊና ማግሪት የማይሆነውን ነገር በጥንቃቄ ይሥላሉ፤ የዳሊ የቀለጡ ሰዓቶች ሥዕል 24 በ33 ሴንቲ ሜትር ብቻ መሆኑ ሙዚየም የሄደን ሁሉ ያስደነግጣል። ሌላው ወገን፣ እነ ማሶንና ኤርንስት፣ እጃቸው ከአእምሯቸው ቀድሞ እንዲሄድ ይፈልጋሉ። ኤርንስት በ1925 የወለል ጣውላ ላይ ወረቀት ዘርግቶ በእርሳስ አሸው፤ ከወጣው ሐረግ ውስጥ ደንና አውሬ አየ። ለመሞከር ቀላሉ ይኸኛው ነው። ሣሣ ያለ ወረቀትና ለስላሳ (4ቢ ወይም 6ቢ) እርሳስ ይዘው፣ እርሳሱን አጋድመው በቀስታ ይሹት። ጠንከር አድርገው ከተጫኑ ወረቀቱ ጎድጉዶ ዝርዝሩ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ እንደ አሜሪካዊው ሠዓሊ ፖሎክ ቀለም ስረጭ ክር የመሰለ መስመር አይወጣልኝም፤ ወይ ይንጠባጠባል ወይ ኩሬ ይሠራል።

መልስ፦ ፖሎክ አይረጭም ነበር፤ ያፈስሳል። ከ1947 ጀምሮ ያልተቀባ ሸራ ወለል ላይ ዘርግቶ፣ ቀጠን ያለ አንጸባራቂ የቤት ቀለም በእንጨትና በደረቀ ብሩሽ እያነሣ፣ ዙሪያውን እየተራመደ ያፈስስ ነበር። የቱቦ አክሪሊክ (በውኃ የሚቀጥን ቀለም) ለዚህ በጣም ወፍራም ነው። በውኃ ብቻ ቢያቀጥኑት ደግሞ የሚያያይዘው ነገር ይሟሽሽና ይንጠባጠባል። ፈሳሽ አክሪሊክ ወይም የማፍሰሻ ማቅጠኛ ይጠቀሙ። ፈተናው ይህ ነው፤ እንጨቱን ነክረው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲያደርጉት ቀለሙ ሳይበጠስ እንደ ክር ይውረድ። ከዚያ ያለው የእጅ ፍጥነት ነው። እጅዎ ከዘገየ ክሩ መሬት ሲደርስ እንደ ምንጭ ሽቦ ይጠቀለላል፤ ከዚያ ኩሬ ይሆናል። ከትከሻዎ እንጂ ከእጅ አንጓዎ አይነሡ፤ ሰውነትዎ ይራመድ። መጀመሪያ የሠሩት ንብብር ሳይደርቅ ሁለተኛውን ካፈሰሱ መስመሮቹ ይቀላቀላሉ፤ ያ ጭቃ ከላይ የነገርንዎ ጭቃ ወንድም ነው።

ጥያቄ፦ አንዱ ሥዕል በአንድ መጽሐፍ ሰማያዊ፣ በሌላው ሐምራዊ ሆኖ አገኘዋለሁ። የኅትመት ስሕተት ነው?

መልስ፦ አንዳንዴ ነው። አንዳንዴ ግን ሥዕሉ ራሱ ተለውጧል። ቫን ጎግ በ1888 በሣለው ሥዕል ላይ ያለውን የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ፈዛዛ ሐምራዊ ብሎ ጽፎታል፤ ቀዩ በብርሃን ደብዝዞ ሰማያዊው ብቻ ቀረ። ሠዓሊው ሮትኮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሠራቸው ትልልቅ ሸራዎች መስኮት ባለው የምግብ አዳራሽ ተሰቅለው ሊቶል የተባለው ቀይ ተበላ። በ2014 ሲታዩ ቀለም አልተቀባባቸውም፤ የጠፋውን ቀለም በፕሮጀክተር ብርሃን ላያቸው ላይ መለሱት። ፕሮጀክተሩ ሲጠፋ የደበዘዘው ይታያል። ለራስዎ ቀለም ሲገዙ የብርሃን መቋቋም ደረጃው ቱቦው ላይ ተጽፏል፤ አንደኛውን ደረጃ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ የአሜሪካዊው ሠዓሊ የዋርሆል የሾርባ ጣሳዎች ሥዕሎች በማሽን የታተሙ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ የ1962ቱ 32 ሸራዎች በእጅ የተቀቡ ናቸው። በሐር ወንፊት ማተም የጀመረው በዚያው ዓመት ከእነርሱ በኋላ ነው። ተጠግተው ካዩ ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው ፊደሉ ትንሽ ይለያያል።

ጥያቄ፦ አብስትራክት ሥዕል ተገልብጦ ቢሰቀል ማን ያውቃል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ማንም። በ1961 ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የማቲስ «ጀልባ» ለ47 ቀናት ተገልብጦ ሰነበተ፤ ስሕተቱን ያስተዋለችው ጎብኚ ናት። ሠዓሊው ሞንድሪያን በ1941 ባለቀለም የማጣበቂያ ጥብጣብ ለጥፎ የሠራው «ኒው ዮርክ ሲቲ 1» ደግሞ ለአሥርት ዓመታት የተሰቀለው በተቃራኒው እንደነበር በ2022 ይፋ ሆነ። ፍንጩ በ1944 ስቱዲዮው ውስጥ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው፤ እዚያ ላይ መስመሮቹ የሚጠጋጉት ከላይ ነው፤ ሥዕሉ በሚገኝበት የጀርመን ሙዚየም ግን ከታች ነበሩ። ሆኖም መልሰው አልገለበጡትም። ጥብጣቦቹ ደርቀው በጭንቅ ተይዘዋል፤ አሁን ቢያዞሩት የሥዕሉ ክብደት በሌላ አቅጣጫ ይስባቸውና ይረግፋሉ።